ቁልፍ ሲሰረቅ አይጎድልም፦ የምስጢር ቁልፎችን አጠቃቀም የሚመዘግበው ማን ነው?

እአአ በታኅሣሥ 2018 በደቡብ አፍሪካዋ ፕሪቶሪያ በሚገኝ አንድ አሮጌ የመረጃ ማዕከል ውስጥ 36 አሃዞች ያሉት ኮድ በተራ ወረቀት ላይ ታትሞ ወጣ። ኮዱ የመንግሥት ንብረት የሆነው ፖስትባንክ ዋና የምስጢር ቁልፍ ነበር። ይህን ቁልፍ የያዘ ሰው የደንበኞችን ቀሪ ሒሳብ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መለወጥ፣ ባንኩ ባሠራጫቸው 12 ሚሊዮን ካርዶች ላይ ያለውን መረጃም መቀየር ይችላል።

ጉዳዩ ሕዝብ ጆሮ የደረሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ሰንደይ ታይምስ የተሰኘው የአገሪቱ ጋዜጣ የባንኩን የውስጥ ሰነዶች አግኝቶ በሰኔ 2020 ሲያወጣው ነው። በዘገባው መሠረት ከመጋቢት እስከ ታኅሣሥ 2019 ባሉት ወራት ከ25,000 በላይ የማጭበርበር ዝውውሮች ተፈጽመዋል፤ 56 ሚሊዮን ራንድም ተዘርፏል። ጥርጣሬው ያረፈው በባንኩ የራሱ ሠራተኞች ላይ ነበር። ከካርዶቹ ከ8 እስከ 10 ሚሊዮን የሚሆኑት የማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮች፣ ማለትም የአረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና የሕፃናት አሳዳጊዎች ናቸው። ካርዶቹን ሁሉ ለመቀየር ከ1 ቢሊዮን ራንድ በላይ እንደሚያስፈልግ ተገመተ።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ከተሰረቀው ገንዘብ ይልቅ ጥገናው ከ17 እጥፍ በላይ የሚበልጥ ወጪ የሚጠይቅ ሆኗል። ቁልፉ አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣ በኋላ የትኛው ካርድ እንደተነካ፣ የትኛው እንዳልተነካ በእርግጠኝነት ለይቶ መናገር ስለማይቻል ሁሉንም መቀየር ግድ ይላል። ሌባው ወደ ጥቂቶች ኪስ ገባ፤ ጥርጣሬው ግን የሁሉንም ካርድ አረከሰ።

ማህተሙና የወጪ መዝገቡ

የምስጢር ቁልፍ ሲባል ለብዙዎቻችን በቅድሚያ የሚታየን የይለፍ ቃል ነው። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። የይለፍ ቃል አንድን ሰው ወደ አንድ ሒሳብ ያስገባል። የምስጢር ቁልፍ ደግሞ ኮምፒውተሮች መልእክት የሚያመሰጥሩበት፣ መታወቂያ፣ ሰርተፍኬትና የክፍያ ትእዛዝ የሚፈርሙበት እጅግ ግዙፍ ቁጥር ነው። ፊርማውን የሚቀበለው ኮምፒውተር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊርማው ከቁልፉ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም? ከገጠመ ያምናል። ማን እንደፈረመ፣ መቼና በማን ፈቃድ እንደተፈረመ ፊርማው ብቻውን አያረጋግጥም።

ቅርቡ ምሳሌ የመሥሪያ ቤት ክብ ማህተም ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች አንድ ደብዳቤ ማህተም ስላረፈበት ብቻ የተሟላ አይሆንም። የወጪ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ መዝገብ ቤት በሚገኘው የወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቅጂውም በፋይል ይቀመጣል። ደብዳቤውን የተጠራጠረ ተቀባይ ደውሎ "ይህ ቁጥር ከእናንተ ወጥቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሐሰተኛ ማህተም ማስቀረጽ አስቸጋሪ አይደለም። አስመሳዩን የሚያጋልጠው መዝገቡ ላይ የሌለ ቁጥር ነው። ባለጉዳዮች የመዝገብ ቤት ወረፋን አጥብቀው ቢያማርሩም፣ ያ መዝገብ የተፈለሰፈው በከንቱ አልነበረም።

በዲጂታሉ ዓለም ችግሩን የሚያከብደው አንድ ልዩነት አለ። ማህተም ሲሰረቅ ከመሳቢያው ይጠፋል፤ ጠዋት ቢሮ የገባው ኃላፊ ያጣዋል። የምስጢር ቁልፍ ግን ሲሰረቅ አይጎድልም። ሌባው ገልብጦት ይሄዳል፤ ዋናው በነበረበት ቦታ እንዳለ ይቀጥላል። ስለዚህ ቁልፉን በካዝና ቆልፎ መጠበቅ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። ስርቆቱን ሊያሳይ የሚችለው እያንዳንዱ የቁልፉ አጠቃቀም የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። ቁልፉ ከፈረማቸው ፊርማዎች መካከል ባለቤቱ የማያውቀው አንድ እንኳ ከተገኘ፣ ማህተሙ ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው።

ማንቂያው የጮኸው በደንበኛው ቤት ነበር

ይህ ቁም ነገር በዓለም ትልልቅ በሚባሉት ኩባንያዎች ዘንድ እንኳ እንዴት ሊዘነጋ እንደሚችል ያሳየው እአአ በ2023 በማይክሮሶፍት ላይ የደረሰው ጥቃት ነው። ኩባንያው ስቶርም-0558 ብሎ የሰየመውና መቀመጫው ቻይና ነው የተባለው የመረጃ መንታፊዎች ቡድን፣ ማይክሮሶፍት እአአ በ2016 የፈጠረውን አንድ የመፈረሚያ ቁልፍ ይዞ ነበር። በእርሱ የመግቢያ ፈቃዶችን ለራሱ እየፈረመ የ22 ድርጅቶችንና ከ500 በላይ ግለሰቦችን ኢሜይል ከፈተ። በወቅቱ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር የነበሩት ጂና ራይሞንዶና በቤይጂንግ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኒኮላስ በርንስ ከተጎጂዎቹ መካከል ነበሩ። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ኢሜይሎች ተወስደዋል። ቻይና ክሱን አስተባብላለች።

ቁልፉ መጀመሪያ የታሰበው ለተራ ግለሰብ ደንበኞች አገልግሎት ነበር፤ በማረጋገጫው ሥርዓት ላይ በነበረ ስህተት ምክንያት ግን የመሥሪያ ቤቶችንም በር ይከፍት ነበር። ከዚያም በላይ እአአ በመጋቢት 2021 ከአገልግሎት መውጣት የነበረበት ቁልፍ ነው። ማይክሮሶፍት ቁልፎቹን በእጅ እየቀየረ ሳለ ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘ ትልቅ የአገልግሎት መቋረጥ ስላጋጠመው ቅየራውን አቁሞት ቆየ። ጊዜው ያለፈበት ቁልፍ ገና በሥራ ላይ መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ሥርዓትም አልነበረውም። አሮጌው ማህተም በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ፣ በእርሱ የተመታ ደብዳቤ ግን በየበሩ ተቀባይነት አላጣም።

ጥቃቱን ያወቀው የቁልፉ ባለቤት አልነበረም። እአአ በሰኔ 2023 አጋማሽ ያስተዋሉት የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደኅንነት ባለሙያዎች ናቸው። ባለሙያዎቹ "ቢግ የሎው ታክሲ" ወይም ትልቁ ቢጫ ታክሲ የሚል የቀልድ ስም የሰጡት አንድ የራሳቸው ማንቂያ ነበራቸው። ማንቂያው የሚከታተለው የትኛው ኢሜይል፣ መቼና በምን ፕሮግራም እንደተከፈተ የሚያሳየውን መዝገብ ሲሆን፣ ያልተለመደ ነገር ሲያይ ጮኸ። ይህ መዝገብ ግን በዚያን ጊዜ ለማይክሮሶፍት ደንበኛ ሁሉ አይሰጥም ነበር፤ የሚያገኙት ከፍ ያለውን የአገልግሎት ደረጃ የገዙ ብቻ ናቸው። ርካሹን የመረጡ ተጎጂዎች ቤታቸው መገባቱን ሊያዩበት የሚችሉት መስኮት አልነበራቸውም። ደኅንነቱን ለማወቅ ተጨማሪ ክፍያ የተጠየቀ ደንበኛ ምን ዓይነት ዕቃ ገዝቷል የሚለው ጥያቄ በዋሽንግተን ብዙ ካነጋገረ በኋላ፣ ኩባንያው በሐምሌ 2023 መዝገቦቹን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለሰፊው ደንበኛ እንደሚከፍት አስታወቀ።

የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ እአአ በሚያዝያ 2024 ይፋ ባደረገው ሪፖርት ጥቃቱ ሊቀር ይችል እንደነበር፣ የተደራረቡ የማይክሮሶፍት ስህተቶች ውጤት መሆኑንም አመለከተ። ሪፖርቱ ካነሳቸው ነጥቦች አንዱ ከወጪ መዝገቡ ምሳሌ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አንድ የመግቢያ ፈቃድ ሲቀርብ ፊርማው መግጠሙን ብቻ ሳይሆን "ይህን ፈቃድ በእርግጥ እኛ ሰጥተነዋል ወይ?" ብሎ ከራስ መዝገብ ጋር ማመሳከር የሚያስችል አሠራር አለ። እንዲህ ያለ ማመሳከሪያ ባለበት፣ ቁልፉ የተሰረቀበት ድርጅት እንኳ ሐሰተኛውን ፈቃድ በሩ ላይ ሊያስቆመው ይችላል።

ቁልፉ እንዴት ወጣ? ማይክሮሶፍት እአአ በመስከረም 2023 አንድ ሥርዓት በተበላሸበት ጊዜ በተቀመጠ የማኅደረ ትውስታ ቅጂ ውስጥ ሳይታሰብ ገብቶ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር። በመጋቢት 2024 ግን ቁልፉን የያዘ እንዲህ ያለ ቅጂ አለማግኘቱን በመግለጽ ማብራሪያውን አረመ። የተወሰኑ መዝገቦች በማቆያ ጊዜ ገደብ ምክንያት አልተገኙም። ቦርዱም ቁልፉ መቼና እንዴት እንደወጣ ኩባንያው እንደማያውቅ ደምድሟል። መርማሪው ቦርድ ራሱም ብዙ አልቆየም፤ እአአ በጥር 2025 አዲሱ የአሜሪካ አስተዳደር አባላቱን አሰናብቷል።

ያልሰጠውን "ደህና ነው" ያለው መዝገብ

ከማይክሮሶፍት 12 ዓመት ቀደም ብሎ በኔዘርላንድስ የደረሰው ደግሞ መዝገብ መኖሩ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን አስተምሯል። ዲጂኖታር የተሰኘው ኩባንያ የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጡ ሰርተፍኬቶችን ይፈርም ነበር፤ ከደንበኞቹ አንዱ የአገሪቱ መንግሥት ነው። እአአ በሰኔ 2011 ሰርጎ ገቦች ሥርዓቱ ውስጥ ገቡ፤ በሐምሌ 10 በጉግል ስም ሐሰተኛ ሰርተፍኬት አስፈረሙ። በአጠቃላይ 531 ያህል ሐሰተኛ ሰርተፍኬቶች ተለይተዋል። ኩባንያው ሐምሌ አጋማሽ ላይ መደፈሩን አውቆ የደረሰባቸውን ሰርተፍኬቶች ቢሰርዝም ለማንም አልተናገረም።

በነሐሴ ወር 300,000 ገደማ የኢንተርኔት አድራሻዎች ያን የጉግል ሰርተፍኬት ተጠቅመዋል፤ ከመቶው 99 የሚበልጡት ከኢራን ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከጉግል ጋር በምስጢር የሚነጋገሩ መስሏቸው ሳለ በመካከል ሌላ ጆሮ ነበር። ኢሜይል መጠለፍ እስር ሊያስከትል በሚችልበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአካባቢያችን ላለ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገሩን ያጋለጠው አንድ ኢራናዊ የጂሜይል ተጠቃሚ ነው፤ የክሮም ማሰሻው ያሳየውን ማስጠንቀቂያ በይፋ ጠየቀበት።

የኔዘርላንድሱ ፎክስ-አይቲ ምርመራ ሲያካሂድ ያገኘው ነገር የሚያስደነግጥ ነበር። በማዕከል ደረጃ የተጠበቀ የአውታረ መረብ ክትትል መዝገብ አልነበረም፤ በአንዳንድ ሰርቨሮች ላይ የነበሩት መዝገቦችም ተነካክተዋል። የትኛው ሰርተፍኬት እንደሆነ ሊታወቅ ያልቻለ የመለያ ቁጥርም ተገኝቷል። ከሁሉም የሚገርመው ግን የማረጋገጫ አገልግሎቱ ነው። ስለ አንድ ሰርተፍኬት ሲጠየቅ የሚፈትሸው የተሰረዙትን ዝርዝር ብቻ ስለነበር፣ ኩባንያው ፈጽሞ የማያውቀው ቁጥር ሲቀርብለት "ደህና ነው" ብሎ ይመልስ ነበር። መርማሪዎቹ ከገቡ በኋላ ነው ሥርዓቱ ተገልብጦ በመዝገቡ ላይ የሌለ ቁጥር ሁሉ እንደተሰረዘ እንዲቆጠር የተደረገው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ መዝገቡን ሳይገልጥ ለደዋዩ ሁሉ "አዎ፣ ከእኛ የወጣ ነው" ሲል እንደመኖሩ ነው። ዲጂኖታር በመስከረም 2011 ኪሳራ ታወጀበት።

ይህ ኩባንያ በውጭ ኦዲተሮች እየተመረመረ ማረጋገጫ የሚሰጠው ነበር። የሰነድ ኦዲት ደንቡ መጻፉን፣ ካዝናው መኖሩን ይመሰክራል። ሐምሌ 10 ቀን ቁልፉ ምን ፈረመ ለሚለው ግን መልስ የለውም።

በመሰርሰሪያ የተከፈተው ካዝና

ከዚያ ውድቀት የተወለደው መፍትሔ ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ መዝገቡን ከማህተሙ ባለቤት እጅ ማውጣት። የጉግል ባለሙያዎች የቀረጹትና እአአ በ2013 የቴክኒክ ሰነዱ የወጣው የሰርተፍኬት ግልጽነት ሥርዓት፣ የሚፈረሙ ሰርተፍኬቶች ማንም ሊያየው በሚችል፣ የተጻፈበትን መሰረዝ በማይቻል የአደባባይ መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ ያደርጋል። ክሮም ከሚያዝያ 2018 ማብቂያ በኋላ የተሰጡ ሰርተፍኬቶች በመዝገቡ ላይ ካልተገኙ አይቀበልም። ሥርዓቱ ገና ሳይስፋፋ እአአ በ2015 አንድ ትልቅ ዓሣ ይዟል፦ ሲማንቴክ የተሰኘው ግዙፍ ኩባንያ ጉግል ሳያውቅ በጉግል ስም የሙከራ ሰርተፍኬት መፈረሙ የታወቀው ከዚሁ መዝገብ ነው። ክሮም በ2018 የሲማንቴክን ሰርተፍኬቶች ማመን አቆመ።

ሌላው ምሳሌ የበለጠ ሥርዓተ ንግሥ ይመስላል። የኢንተርኔት አድራሻዎች ሥርዓት ቁንጮ የሆነው ቁልፍ በአሜሪካ በሁለት ቦታዎች፣ በቨርጂኒያና በካሊፎርኒያ፣ ተቆልፎ ይቀመጣል። በዓመት አራት ጊዜ ለሥራ ሲወጣ ከተለያዩ አገሮች የተመረጡ ታማኞች በአካል ይገኛሉ፤ ከሰባቱ ቢያንስ ሦስቱ ካልተገኙ መሣሪያው አይሠራም። በ2010 ከተመረጡት መካከል የቤኒንና የቡርኪናፋሶ ሰዎች ይገኙበታል። እያንዳንዱ እርምጃ ከሰዓቱ ጋር ይጻፋል፤ ሁሉም በቀጥታ ይተላለፋል። እአአ በየካቲት 2020 በካሊፎርኒያ አንዱ ካዝና አልከፈት ብሎ ሥነ ሥርዓቱ ለቀናት ዘገየ፤ ቁልፍ ሠሪ ተጠርቶ በመሰርሰሪያ ከፈተው። ሌላ ተቋም ቢሆን ይህን በደበቀው። እዚህ ግን ብልሽቱም ለዓለም ተነገረ፤ እምነቱም አልተናጋም።

በእኛ አካባቢ

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አልፏል። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት ከወረቀት ማህተም ወደ ምስጢር ቁልፍ በፍጥነት እየተሻገሩ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዲጂታል ፊርማ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል፤ የሥር ሰርተፍኬት ሰጪነቱን ሥልጣን የሰጠው ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ተቋም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ፋይዳ የዜጎችን የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ምስል ከአንድ ቁጥር ጋር ያስተሳስራል፤ ባንኮችም ደንበኞቻቸውን በእርሱ መለየት ጀምረዋል። በኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ውስጥ ያለው ቺፕ ድንበር ላይ የሚታመነው የአገሪቱ ቁልፍ ስለፈረመበት ነው። ከሪያድ ወይም ከቤይሩት የሚመለስ ሠራተኛ ይህን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ቁልፉ ተሰርቆ የአገሪቱ ፓስፖርት ሁሉ በጥርጣሬ ቢታይ ግን በሰልፉ ላይ የሚቆመው እርሱ ነው።

ፋይዳ የተመሠረተው በሕንድ ባንጋሎር በተጠነሰሰው ሞሲፕ በተሰኘ ክፍት የሶፍትዌር መድረክ ላይ ነው። መድረኩ ቁልፎችን የሚያስተዳድር ክፍልም፣ የሥርዓቱን ድርጊቶች የሚመዘግብ ክፍልም አለው። መሣሪያው አለ ማለት ነው። የሚቀረው የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ከቴክኒኩ ይልቅ የሚከብደውም እርሱ ነው። ቁልፉን የሚይዘውና መዝገቡን የሚመረምረው አንድ ተቋም ከሆነ፣ በፕሪቶሪያ እንደተጠረጠረው ያለ የውስጥ ሰው እጁን ሲያስገባ የሚያየው ሌላ ዓይን አይኖርም። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እአአ በጥቅምት 2021 የሁዱማ ናምባን ሥርጭት ሕገ ወጥ ያለው አስቀድሞ በግል መረጃ ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ ስላልተገመገመ ነበር። ከአስፈጻሚው ውጭ ያለ አካል ጥያቄ ማንሳት እንደሚችል ያሳየ ውሳኔ ነው።

መዝገብ በበዛ ቁጥር ግን ሌላ አደጋ ይመጣል፤ የቁልፍ ክትትል ወደ ሰው ክትትል ሊለወጥ ይችላል። ቁልፉ ስንት ጊዜ፣ በማን ትእዛዝ ፈረመ የሚለው አንድ ነገር ነው። እገሌ ሰኞ በየትኛው ባንክ፣ ማክሰኞ በየትኛው ሆስፒታል መታወቂያውን አሳየ የሚለው ሌላ ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እአአ በመስከረም 2018 አድሃር በተሰኘው ብሔራዊ መታወቂያ ላይ በሰጠው ፍርድ የማረጋገጫ መዝገቦችን ለ5 ዓመት ማቆየትን ውድቅ አድርጎ ጣሪያውን ወደ 6 ወር አወረደው። የአድሃር ባለቤት በእርሱ ስም የተደረጉ ማረጋገጫዎችን ራሱ ገብቶ የሚያይበት አገልግሎትም አለ። የማይክሮሶፍት ደንበኞች የጎደላቸው መስኮት በመሠረቱ ይኸው ነበር። የኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሥራ ላይ ሲውል የማቆያ ጊዜውም ሆነ መስኮቱ መነጋገሪያ መሆናቸው አይቀርም።

እስከዚያው ማንንም ፈቃድ የማያስጠይቅ አንድ ሥራ አለ። በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ ያለ የአንድ ባንክ የኮምፒውተር ባለሙያ የሰርተፍኬት ግልጽነት መዝገቦችን ከፍቶ በባንኩ የድረ ገጽ አድራሻ ስም የተፈረሙትን ሰርተፍኬቶች በሙሉ ማየት ይችላል። ባንኩ ያልጠየቀው ሰርተፍኬት እዚያ ከተገኘ ጉዳዩን ለማሳወቅ ጊዜ ሳይረፍድ ይደርሳል። ክፍያ የለውም፤ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው።